በክሌይቦርን መንገድ የተደረገው ግጥሚያ

ሉሲየን ቫልኩር ከቺካጎ መጣ የሚለውን ወሬ የሰማሁት ጸጉር ቤት ወንበር ላይ፣ ግማሽ ጢሜ ተላጭቶ ግማሹ በሳሙና አረፋ እንደተሸፈነ ነው። ወሬውን ይዞ የገባው ሰውዬ በሩን እንኳ አልዘጋውም።

«መጣ! ሰባት ሰው አስከትሎ፣ ሁሉም አንድ ዓይነት ሱፍ ለብሰው ከባቡር ወረዱ!»

ጸጉር አስተካካዩ ምላጩን ጉሮሮዬ ላይ እንደያዘ ቆሞ ቀረ።

«መጀመሪያ እኔን ጨርሰኝ» አልኩት።

«በዚህ ምላጭ እንዲህ አትበለኝ፣ ጋሼ አልሲድ» አለና ትቶኝ ሄደ። ሸክላ ማጫወቻውን ጠመዘዘ፤ የሉሲየንን ሸክላ አስቀመጠ። ያ ዜማ «የሉሲየን ጉዞ» ይባላል። በዚያ በጋ ከሰፈራችን ከትሬሜ ያላፏጨው ሰው ካለ ጥርስ የሌለው ብቻ ነው። ጸጉር ቤቱ ውስጥ ያለው ሁሉ በእግሩ መሬቱን ይመታ ጀመር። እኔም ሳላስበው መታሁ። ምን ይደረግ፣ ያ ሰው ሲነፋ የሞተ ያስነሳል።

በዚያ ቅጽበት ኦዲል ፎርቲን ከሲጋራ ፋብሪካ ስትመለስ በበሩ አለፈች። ዜማውን ስትሰማ ቆመች። የመጀመሪያውን ክፍል ሰማች፤ ሁለተኛውንም ሰማች። ሸክላው ሲያልቅ ማንንም ሳታናግር ሄደች። እሷም ጡሩምባ ትነፋለችና እኔ በልቤ «ቅናት ነው» አልኩ። አሁን ሳስበው እፍረት ይይዘኛል፤ ግን የሆነውን እንደሆነ መናገር አለብኝ።

እኛ ሰፈር ዕድር የሌለው ሰው እንደ ውሻ ነው የሚቀበረው። ዕድር ያለው ግን ሲሄድ በመዝሙር፣ ሸኚው ሲመለስ በጭፈራ ነው። የጽኑ ወዳጆች ዕድር የራሱ ባንድ ነበረው፤ እኔ ትሮምቦን እነፋ ነበር። ፊት መሪው ጡሩምባ ነፊ፣ የኦዲል አባት፣ ኦኔሲም ፎርቲን ነበር። በሥራው ልስን ለሳኝ ነበር፤ ጸጉሩና ቅንድቡ ሁልጊዜ ነጭ አቧራ ነበረው። ሉሲየንን ልስንም ጡሩምባም ያስተማረው እሱ ነው። አንድ መወጣጫ ላይ ቆመው ጣሪያ ሲለስኑ ስድስት ዓመት አብረው ኖረዋል።

ሉሲየን በሺህ ዘጠኝ መቶ ሃያ ሁለት ክላርኔት ነፊያችንንና ባንጆ መቺያችንን ይዞ ወደ ቺካጎ ሄደ። ማንም አልፈረደበትም። ያኔ ግማሹ ሰፈር በዚያ ባቡር ሄዷል። እዚህ ሐይቁ ዳር ባሉት ሆቴሎች የነጮቹን ሰርግ ስናደምቅ የምንገባው በማድ ቤት በር ነው፤ እዚያ በፊት በር ይገባል ይባላል፤ ታዲያ ማን ይቀራል? የፈረድንበት በሌላ ነገር ነው። አባባ ኦኔሲም በየካቲት ሲሞት ቴሌግራም ላክንለት። እሱ በበር የማይገባ ትልቅ የአበባ ጉንጉን ላከ። ራሱ አልመጣም።

የቀብሩ ዕለት ቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ላይ አሥር ወንዶች መሣሪያችንን ታቅፈን ቆመናል፤ መሪ የለንም። የሰውየው ጡሩምባ ሬሳ ሣጥኑ ላይ ተቀምጣለች። የማን እጅ ያንሳት? እርስ በርሳችን ተያየን። ያኔ ኦዲል ከሴቶቹ መሐል ወጣች። የሐዘን መሸፈኛዋን ወደ ኋላ ገለጠች፤ ጡሩምባውን አነሳች፤ ነፋች።

ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው። መማሯን ማናችንም አናውቅም። ከቤቱ በር ጀርባ ሆና ስትሰማ ኖራ፣ አባቷም አውቆ ዝም ብሏት ኖሮ፣ በኋላ ሁለቱ ብቻ ማታ ማታ ሲለማመዱ ከርመዋል። እስከ መቃብሩ ድረስ አንዲት ኖታ አልሳተችም። አጠገቤ የነበረው ከበሮ መቺ ያለቅስ ነበር። እኔ ግን ምን ተሰማኝ? እፍረት። ሴት ልጅ፣ በአደባባይ፣ ጉንጯን ነፍታ! አክስቷ እትዬ ሴለስቲን እንኳ ከቀብር ስንመለስ «ከንፈርሽ አብጦ ማን ሊያገባሽ ነው?» አለቻት።

«ከንፈሬን ብቻ የሚፈልግ ባል ይቅርብኝ፣ አክስቴ» አለች ኦዲል።

ከሳምንት በኋላ በዕድሩ ስብሰባ ላይ የአባቷን ቦታ ጠየቀች። ተነስቼ የተቃወምኩት እኔ ነኝ።

«ኦዲል ልጄ ናት» አልኩ። «ግን ሌሎቹ ባንዶች ምን ይሉናል? ወንድ አጡ ይሉናል።»

«አጥታችሁ የለ እንዴ?» አለች። ቤቱ በሳቅ ተናጋ። «ጋሼ አልሲድ፣ ከእኔ የሚሻል አምጣ። ያን ቀን ጡሩምባውን አስረክቤ አርፌ እቀመጣለሁ።»

ሁለት ሰው አመጣሁ። አንዱ ከእኛ ጋር እስከ መንገዱ ጥግ ድረስ ነፍቶ ትንፋሹ አለቀ። ሁለተኛው ከእሷ ጎን አንድ ጊዜ ተለማመደ፤ በማግሥቱ አልመጣም። ቦታው የእሷ ሆነ። እኔም ስምንት ወር ሙሉ ከኋላዋ ቁጭ ብዬ ስነፋ በስሟ አልጠራኋትም። «አንቺ» ነበር የምላት። ጥሩ ስትነፋ ጉሮሮዬን እጠርጋለሁ፤ ያ ነበር ምስጋናዬ።

ሉሲየን የመጣው በጥቅምት፣ የእኛ ዕድር ዓመታዊ ጭፈራ ሊደረግ ሳምንት ሲቀረው ነው። የእሱም ዝግጅት በዚያው እሑድ ሆነ። እኛ ዘንድ ጭፈራ ያለው ባንድ በዕለቱ ከሰዓት በኋላ ጋሪ ላይ ወጥቶ እየነፋ ሰፈሩን ይዞራል፤ ሰው ሰምቶ የት እንደሚሄድ ይመርጣል። ሁለት ባንዶች መስቀለኛ መንገድ ላይ ከተገናኙ ደግሞ ማምለጥ የለም። የሁለቱ መንኮራኩር በሰንሰለት ይታሰራል፤ ሕዝቡ አሸናፊውን እስኪለይ ድረስ ይነፋል።

የእኛን ጋሪ የሚጎትቱት ሁለት በቅሎዎች ናቸው፤ በሥራ ቀን ከሰል ያመላልሳሉ። ኦዲል የፋብሪካ ቀሚሷን ሳይሆን የአባቷን የባንድ ኮት አጥብባ ለብሳ ነበር፤ ኮፍያውንም እንዲሁ። እኔ የትሮምቦኔ ዘንግ የሰው ማጅራት እንዳይመታ እንደ ልማዴ ከጋሪው ጫፍ እግሬን አንጠልጥዬ ተቀመጥኩ። ክሌይቦርን መንገድ ላይ ካሉት ዛፎች ሥር ስንደርስ ከፊታችን ጩኸት ሰማን። ሉሲየን መጣ።

በጭነት መኪና ነው የመጣው፤ መኪናው በአዲስ ቀለም ያብለጨልጫል፤ ስሙ በወርቅ ፊደል ጎኑ ላይ ተጽፏል። ገና ሳይቆም ከሰዎቹ አንዱ ሰንሰለት ይዞ ዘለለና የመኪናውን ጎማ ከጋሪያችን መንኮራኩር ጋር አሰረው። በቅሎዎቹ ጆሯቸውን ቀሰሩ። ሰው ከየበረንዳው እየዘለለ መንገዱን ሞላው።

ሉሲየን ከመኪናው ጎን ተደግፎ ወደ ታች አየን። ወፍሯል፤ አምሮበታልም።

«ኧረ ኦዲል! የሰፈሩ ወንድ አለቀ?»

«አላለቀም። ቺካጎ ገብቷል አሉኝ። ደብዳቤ አይጽፍም፣ ለቅሶ አይደርስም፤ አበባ ግን ይልካል።»

ሕዝቡ «ውይ!» አለ። ሉሲየን ሳቀ፤ ጆሮው ግን ቀላ። «በይ ጀምሪ፤ እንግዳ አክብሪ።»

«እንግዳ አንተ ነህ። ጀምር።»

ጀመረ። አልዋሽም፤ ገረፉን። ሰባቱ ሰዎች እንደ አንድ ሰው ይተነፍሳሉ። ሉሲየን ጡሩምባውን ወደ ሰማይ ቀና አድርጎ አንዲት ከፍ ያለች ኖታ ይዞ ሲቆይ ወጣቶቹ በጣታቸው መቁጠር ጀመሩ፤ ሃያ ሲደርሱ ጮኹ። እኛ መለስን። ኦዲል ጥሩ ነፋች፤ እኔ ግን ላብ እጄን አንሸራትቶት ሁለት ጊዜ ስቼ ገባሁ። ሕዝቡ በትንሽ በትንሹ ወደ መኪናው ሲጠጋ ይታየኛል። የኛ ሰው እትዬ ሴለስቲን ብቻዋን በረንዳዋ ላይ ቆማ መሐረብ ታውለበልባለች።

«በርቱ! ምን ነካችሁ፣ ቁርስ አልበላችሁም?» ትለናለች።

በሦስተኛው ዙር ሉሲየን እጁን አነሳ፤ ሕዝቡ ምን እንደሚመጣ ስላወቀ ከመጀመሩ በፊት ጮኸ። «የሉሲየን ጉዞ»! ሸክላው ላይ ካለው አሳምሮ ነፋው። ሴቱም ወንዱም ጨፈረ፤ ሕፃን ያዘለች እናት ሳትቀር ጨፈረች። ሁለተኛው ክፍል ሲያልቅ ኮፍያ ወደ ላይ ተወረወረ። እኔ ትሮምቦኔን ጭኔ ላይ አስቀመጥኩ። አለቀልን አልኩ።

ኦዲል ግን ተነሳች። ጋሪው መሐል ቆማ ጩኸቱ እስኪበርድ ጠበቀች። ከዚያ ያንኑ ዜማ ጀመረች።

«ምን ሆነች? የሰውየውን ዘፈን?» አለ ባስ ነፊያችን።

ቀስ አድርጋ ነው የነፋችው። እሱ የሮጠበትን እሷ ተራመደችበት። ባንዱ ሁሉ ግራ ገብቶት ከበሮው ብቻ በጣት ጫፍ ይከተላታል። የመጀመሪያውን ክፍል ጨረሰች፤ ሁለተኛውን ጨረሰች። ሕዝቡ ሊያጨበጭብ እጁን ሲያነሳ፣ እሷ ሳታቋርጥ ቀጠለች።

ሦስተኛ ክፍል ነበረው። ሸክላው ላይ የሌለ፣ ማንም ሰምቶት የማያውቅ ክፍል። የመጀመሪያው ክፍል እየጠየቀ፣ ሁለተኛው እያመነታ ከሄዱ ይሄ እንደ መልስ ነው። ከታች ተነስቶ ደረጃ በደረጃ ይወጣል፤ ላይ ሲደርስ አይጮህም፤ ተረጋግቶ ቁጭ ይላል፤ ሰው የቀኑን ሥራ ጨርሶ ከመወጣጫ ወርዶ የለሰነውን ጣሪያ ቀና ብሎ እንደሚያይ።

ከዚያ የእትዬ ሴለስቲን ድምፅ ከበረንዳው መጣ።

«ይሄ የወንድሜ ፉጨት ነው! ልስን ሲለስን የሚያፏጨው! ኦኔሲም ነው! ሰዎች፣ ይሄ የኦኔሲም ነው!»

ያን ጊዜ ገባኝ። ጸጉር ቤቱ በር ላይ ለምን እንደቆመች ገባኝ። ሽማግሌው ዜማውን ስላልጨረሰው ለባንዱ ሰጥቶ አያውቅም። እህቱ ፉጨቱን ከሸክላው ሩጫ ጋር አላገናኘችውም፤ ዜማ መሆኑን ያወቁት ሁለት ሰዎች ናቸው፤ መወጣጫው ላይ አጠገቡ የቆመው ሉሲየንና ቤቱ ውስጥ ያደገችው ልጁ።

ኦዲል ሦስተኛውን ክፍል ደገመችው። አሁን በየመሐሉ ባዶ ቦታ ትታለች፤ አንድ ሰው መመለስ አለበት። በትከሻዋ ላይ ዞራ አየችኝ።

«ጋሼ አልሲድ፣ ግባ!»

ሰምቼው በማላውቀው ዜማ እንዴት እንደምገባ አላውቅም ነበር። ግን ሃያ ዓመት ከአባቷ ኋላ ተቀምጫለሁ፤ የት እንደሚተነፍስ አውቃለሁ። ትሮምቦኔን አነሳሁና ገባሁ። ትክክል ነበር! ክላርኔቱ ተከተለኝ፤ ባሱ ተከተለ፤ ከበሮ መቺው በጣቱ ጫፍ መምታቱን ትቶ ቆዳው እስኪጮህ መታው። በቅሎዎቹ እንኳ እግራቸውን ያነሱ ጀመር። ሕዝቡ ተመለሰ። ሲመለስ ደግሞ እንደ ጎርፍ ነው፤ ጋሪው በሰው ግፊት ተወዛወዘ።

ሉሲየን ጡሩምባውን አንስቶ ሊከተለን ሞከረ። ሁለት ኖታ አገኘ፤ ሦስተኛው ጠፋው። ጡሩምባውን ከአፉ አወረደ። ሹፌሩ ነገሩ እንደተበላሸ አይቶ ሞተሩን አስነሳ፤ ሰንሰለቱ ተወጠረ፤ ጋሪያችን ተንቀጠቀጠ፤ መኪናው ግን ንቅንቅ አላለም።

«አጥፋው» አለ ሉሲየን። ኮፍያውን አወለቀና እስክንጨርስ ድረስ ራሱን ገልጦ ቆመ።

ስንጨርስ ዘሎ ወረደ። ሰው መንገድ ለቀቀለት። ጋሪያችን ሥር መጥቶ ቀና ብሎ አያት፤ አሁን እሷ ናት ከላይ ያለችው።

«መቼ ሠራው?»

«አንተ ከሄድክ በኋላ። ሲመጣ አስተምረዋለሁ ይል ነበር። እስከ መጨረሻው ሳምንት ድረስ።»

ሉሲየን እኛ ብቻ በምንሰማው ድምፅ «የሸክላው ሰዎች ማን ሠራው ሲሉኝ፣ እኔ አልኩ። አንዴ ከአፌ ወጣ፤ ከዚያ መመለስ ከበደኝ» አላት።

«ለምን ለእኔ ትነግረኛለህ? እኔማ አውቃለሁ» አለች። «ሕዝቡ እዚህ ነው። ለእሱ ንገረው።»

ሉሲየን ቫልኩር ሺህ ሰው ፊት ነፍቶ የማይፈራ ሰው ነው። የመኪናው ደረጃ ላይ ወጥቶ ሲናገር ግን ዓይኑን ከመሬት አላነሳም። «ዜማው የኦኔሲም ፎርቲን ነው» አለ።

«አልተሰማም!» ብሎ ጮኸ አንዱ ከኋላ።

«የኦኔሲም ፎርቲን ነው! ጡሩምባ ያስተማረኝ እሱ ነው። ስሜን ለጥፌበታለሁ፤ አጥፍቻለሁ። ሲሞትም አልመጣሁም።»

ይጮኹበታል ብዬ ጠበቅኩ። እትዬ ሴለስቲን ከበረንዳዋ ወርዳ በሰው መሐል አለፈች። ከፊቱ ቆማ ከላይ እስከ ታች አየችው።

«ከስተሃል» አለችው። ከስቶስ አልነበረም። «ነገ ሰኞ ነው፤ እንደ ሰኞ ደንባችን ቀይ ቦሎቄ በሩዝ ይኖራል። መጥተህ ትበላለህ። መጀመሪያ ግን መቃብሩ ጋ ትሄዳለህ።»

ያኔ ነው ሕዝቡ ያጨበጨበው። ለእኛም ለእሱም። ሰፈሩ ፊት ቆሞ አጥፍቻለሁ ያለ ሰው ያው የሰፈሩ ልጅ ነው።

በማግሥቱ ጠዋት ሁለቱ ባንዶች አብረው ወደ መቃብሩ ተጓዙ። ኦዲል ፊት ነፋች፤ ሉሲየን ከኋላዋ ሁለተኛውን ድምፅ ያዘ። ከቺካጎ የመጡት ወጣቶች በዚያ አንጸባራቂ ጫማቸው ጭቃ ሲረግጡ አንዳቸውም አላጉረመረሙም። መቃብሩ ጋ ስንደርስ ሦስተኛውን ክፍል አስተማረችው። ሦስት ጊዜ ሳተው፤ ሦስቱንም ጊዜ «ከመጀመሪያው» አለችው። አባቷም እንዲሁ ነበር፤ «ጥሩ ነው፣ ይበቃል» የሚባል ነገር አያውቅም።

በጸደይ ሉሲየን የባቡር ትኬት ልኮላት ቺካጎ ሄደች፤ ዜማውን ሙሉውን፣ ከሦስተኛው ክፍል ጋር በሸክላ ሊያስቀርጹት። ስትመለስ እንደነገረችን የሸክላው ሰው ቤቱን በዓይኑ ቃኝቶ «ጡሩምባ ነፊው የታለ?» ብሎ ሲጠይቅ፣ ሉሲየን «ከፊትህ ቆማለች፤ እኔ ረዳቷ ነኝ» ብሎታል። የሠራው ሰው ስም የሚጻፍበት ቦታ ላይ «ኦ. ፎርቲን» ተባለ። ኦኔሲም ነው ወይስ ኦዲል? ጸጉር ቤቱ ውስጥ በዚህ ጉዳይ ሁለት ሰዎች ለድብድብ ተጋብዘዋል። እሷን ጠይቋት ተባለ።

«ቦታው ጠባብ ስለሆነ ሁለታችንም በአንድ ፊደል ገባን» አለች።

ሉሲየን እዚያው እንድትቀር ለምኗት ነበር። ለምን እንደተመለሰች ስጠይቃት «ቺካጎ ይበርዳል፣ ጋሼ። ደግሞ እዚያ ሰው ሲሞት በዝምታ ነው የሚቀብሩት» አለችኝ። እውነቷን ይሁን እየቀለደች እስከ ዛሬ አላውቅም።

በተመለሰች በሳምንቱ የዕድሩ ስብሰባ ነበር። ጸሐፊው ሌላ ጉዳይ ሊያነብ ሲል ተነሳሁ። ጉልበቴ ያመኝ ነበር፤ ቢሆንም ቀጥ ብዬ ቆምኩ።

«አምና በየካቲት እዚህ ቤት ውስጥ ተነስቼ የተናገርኩት አለ» አልኩ። «ሰዎች ወንድ አጡ ይሉናል ብዬ ነበር። ያልኩት ስህተት ነው። መዝገቡ ላይ ስህተት መሆኑ ይጻፍልኝ። ኦዲል ፎርቲን መሪዬ ናት።»

መሪ ከሆነች ወዲህ በስሟ ስጠራት የመጀመሪያዬ መሆኑን የሚያውቅ ሁሉ አንገቱን ደፋ፤ ከበሮ መቺው ብቻ ፈገግ አለ።

ኦዲል ጡሩምባዋን በጨርቅ እየወለወለች ነበር። ቀና አላለችም፤ ግን ስትወለውል እጇ ለአፍታ ቆም አለ።

«ተጽፏል» አለች። «አሁን ተቀመጥ፣ ጋሼ። ልምምድ ሊረፍድብን ነው። ደግሞ ሦስተኛው ክፍል ላይ ትቸኩላለህ።»

ተቀመጥኩ። እውነቷን ነው፤ እቸኩል ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ ከሰፈር ውጭ ያለ ሰው የማን ባንድ ውስጥ ነው የምትነፋው ብሎ ሲጠይቀኝ የዕድሩን ስም አልጠራም፤ ደረቴን ነፍቼ የኦዲል ፎርቲን ባንድ ውስጥ እላለሁ።